የዳማ ሳጥን

ክፉውን ከደጃችን ያርቅልንና፣ አንድ ተረት ልንገራችሁ።

ትርፌ የምትባል መበለት ዳማ የሚባል ቡችላ ነበራት። የሚተኛው ገለባ በተነጠፈበት የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት "ና ልጄ፣ ሜዳ ሽና" እያለች ታስወጣዋለች። ዳማ መኝታውን አርጥቦ አያውቅም፤ በዚህም ይኮራ ነበር።

ጉም በወረደበት አንድ ጠዋት፣ ትርፌ ሳጥኑን ክፍት ትታ የቤቱን በር ዘግታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ዳማ ሽንቱ ወጥሮት ሲቁነጠነጥ፣ ቡችላ ከሚያሾልከው ከበሩ ሥር ክፍተት ድምጿ መጣ።

"ና ልጄ፣ ሜዳ ሽና።"

"እማዬ፣ ድምፅሽ ዛሬ ለምን ከመሬት ይመጣል?"

"እንዳላስደነግጥህ ጎንበስ ብዬ ነዋ።"

ዳማ አንድ እግሩን አወጣ። ይኼኔ ሳጥኑ ሲጢጥ አለና በቀስታ ተናገረ።

"ተው ልጄ፣ እዚሁ ሽና።"

"መኝታዬ ላይ? ምን ትለኛለች?"

"ትቆጣህ። እርጥብ ገለባ ይቀየራል።"

ዳማ ጆሮውን ጥሎ፣ እያፈረ ሸና።

"እፍረተ ቢስ!" አለ ከበሩ ሥር ያለው፤ ድምፁ አሁን የሴት አልነበረም። "እኛ እንኳ መኝታችን ላይ አንሸናም!"

የትርፌ ኮቴ በጉሙ ውስጥ ሲሰማ ከበሩ ሥር ያለው ሸሸ፤ እሷም ገባች። ገለባውን አይታ ልትመታው እጇን አነሳች። ዞር ስትል ግን የበሩ ሥር አፈር በጥፍር ተምሶ፣ ለሀጭ ተንጠባጥቦበት አየች። አማተበች። ዳማንም ከነሽንቱ በነጭ ነጠላዋ ጠቅልላ አቀፈችው።

ተረቴ ለእናንተ፣ ጅቡ ለገደሉ።