ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ የዋለው ሰው

አንድ ሰው ነበረ። የሚኖረው በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ነው፤ ሥራው በርና መስኮት መሥራት ነው። ጓደኛው ደምሌ ወንድ ልጅ ተወለደለትና፣ «ልጄን ክርስትና የምታነሳልኝ አንተ ነህ። ከእንግዲህ አበልጅ እንሆናለን» አለው። ሰውየው በደስታ የሚሆነውን አጣ። የራሱ ልጅ የለውም፤ ደምሌ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነው።

የልጁ አርባ ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ሰውየው ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ። ለምን? ለልጁ የክርስትና ልብስ ሊገዛ። ነጭ ያው ነጭ ነው፣ ገዝቼ ለምሳ እመለሳለሁ ብሎ ነው የሄደው።

አንድ ሱቅ ገባ።

«ለአርባ ቀን ልጅ ነጭ ልብስ ፈልጌ ነበር።»

«የቱን ነጭ?» አለችው ባለሱቋ። «ድፍን ነጭ አለ፣ የወተት ነጭ አለ። ኮፍያ ያለው አለ፣ የሌለው አለ። በቁልፍ የሚዘጋ፣ በዚፕ የሚዘጋ፣ በክር የሚታሰር። መስቀል የተጠለፈበትም አለልህ።»

ሰውየው ከቤቱ ሲወጣ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረውም።

አንዱን አነሳ፣ አገላብጦ አየው፣ አስቀመጠው። ሌላውን አነሳ፣ አስቀመጠው። ቀጥሎ ያለው ሱቅ የተሻለ ቢኖርስ? ወጣ። እዚያም አነሳ፣ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ይሻል ነበር መሰለውና ተመለሰ።

«መጣህ ደግሞ?» ብላ ሳቀች ባለሱቋ። «አንተ ሰውዬ፣ ልጁ ሚስት እስኪያገባ ልታማርጥ ነው?»

ከሰዓት በኋላ ለደምሌ ደወለ።

«ስማ ደምሌ፣ ቁልፍ ይሻላል ዚፕ?»

«የምን ቁልፍ?»

«የልጁ ልብስ ነዋ!»

«ኧረ ባክህ! ልጁ የሚጠመቀው ራቁቱን ነው። ምንም አትያዝ፣ አንተ ብቻ ና።»

አንተ ብቻ ና። ሰውየው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ «ምንም አትያዝ» የሚባለው ለይሉኝታ ነው፤ የተባለውም ሰው ይዞ ነው የሚሄደው። የደምሌንም ቃል እንደዚያ ሰማው። እንዲያውም አፈረ። ለክርስትና ባዶ እጄን ልሄድ? አለ በልቡ። ስልኩን ዘግቶ ሌላ ሱቅ ገባ።

በመጨረሻ ባለቁልፉን ገዝቶ መናኸሪያ ሲደርስ የመጨረሻው አውቶቡስ ወጥቷል። እዚያው ከተማ አደረ። እሑድ ጠዋት የመጀመሪያው መኪና ካልሞላ አልንቀሳቀስም አለ። ሰውየው ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ያን ጊዜም የሚያስበው፣ ዚፑ ይሻል ነበር ይሆን? እያለ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲደርስ ሕዝቡ ከቅዳሴ እየወጣ ነው። ደምሌና ሚስቱ እናኑ ዛፍ ሥር ቆመዋል። ሕፃኑ በአንድ ትልቅ ሰው ነጠላ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ማን አነሳው?» አለ ሰውየው።

«ጎረቤታችን፣ ጋሽ ቢያድግልኝ። ለማስቀደስ መጥቶ ነው» አለ ደምሌ። «ቄሱ እስኪችሉ ጠበቁህ። ኋላ ‹የሚያነሳው ማነው?› አሉ። ጋሽ ቢያድግልኝ አጠገቤ ነበር፣ እጁን ዘረጋ።»

ሰውየው ልብሱን ከፌስታሉ አወጣ። እናኑ ተቀበለችውና፣ «ቁልፉ ያምራል» አለች። ደምሌ ልብሱን አላየውም።

«አንተ ብቻ ና ብዬህ ነበር እኮ» አለ።

ጥምቀት አይደገምም። ያ ልጅ ሲያድግ «የክርስትና አባቴ» ብሎ የሚጠራው ጋሽ ቢያድግልኝን ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን ሰው ማን በደለው? ባለሱቋ ናት? እሷማ ያላትን አሳየች። ልብሶቹ ናቸው? ልብሶቹ ጥሩ ነበሩ። ሁሉም ጥሩ ነበሩ፤ ጣጣውም ይኸው ነው። አንዱ ጥሩ፣ ሌላው የተቀደደ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ገዝቶ ይመለስ ነበር። በጥሩና በጥሩ መካከል ግን ቀኑ አለቀበት።

ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ ዋለ። ያነሳው ግን ልብስ ነው። እንዲያነሳ የተጠራው ልጅ ነበር።

እናንተስ? ዛሬ ገበያው ሞልቷል፤ ስልካችሁን ብትከፍቱ እሱም ገበያ ነው። መግዛት ኃጢአት ነው አላልኩም። ግን ሐኪም ቤት የተኛ ዘመዳችሁን ምን ይዤ ልጠይቀው ስትሉ ድኖ የወጣበት ቀን የለም? ወይም ሳይድን የወጣበት? ለእናታችሁ የሚሆን ጫማ ስታማርጡ በዓሉ አላለፈም? እናታችሁ ስትጠብቃችሁ ታይ የነበረው ጫማውን ነው ወይስ በሩን?

እግዚአብሔርስ ሲጠራችሁ ምን ያዙ አላችሁ? እኔ የትኛውን ስእለት፣ የትኛውን ሥራ ይዤ ልቅረብ እያላችሁ ስንት ጊዜ ቀራችሁ? እሱ ይሉኝታ የለበትም። ኑ ሲል ኑ ማለቱ ነው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የሚጠብቃችሁን ሰው አስቡ። እጃችሁ ላይ ያለውን አስቀምጡት። ባዶ እጄን ልሂድ? ብላችሁ አትፈሩ። «የሚያነሳው ማነው?» ሲባል ልጁን የሚቀበለው ባዶ እጅ ነው።