ሻማው ሳይለኩሰው

አንድ ቱግ ባይ የእህል ነጋዴ አዳማ ከተማ ውስጥ ይኖር ነበር፤ ስሙ ሽብሩ ነው። እጁ የተፈታ፣ ለተቸገረ የሚደርስ ሰው ነበር። ምን ያደርጋል፣ ሲቆጣ ፊቱ የቆመው ማን እንደሆነ አያይም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁ ከምንተስኖት በቀር በቤቱ ማንም አልነበረውም። ልጁ አንድ ቀን፣ "መጋዘንህንም አልፈልግም፣ አንተን መምሰልም አልፈልግም" አለው። ሽብሩ በዚያው ቅጽበት ከቤት አባረረው። ምንተስኖት አሰላ ሄዶ ክፍል ተከራየ፤ ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ አልተያዩም።

ነገሩ ሲያንገበግባቸው የከረሙት የሽብሩ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ተገኝ፣ መጡና "ተነስ፣ ልጅህን እንመልስ፤ እንደምንመጣ ነግሬዋለሁ" አሉት። "ግን ቃል ግባልኝ። ልጁ ተናግሮ እስኪጨርስ አፍህን ዝጋ።"

ሽብሩ ቃል ገባ። ልጁ እንዲመለስለት ከልቡ ይፈልግ ነበር።

የሄዱት በአሮጌዋ መኪና ነው። ጋሽ ተገኝ ለብዙ ዘመን ሲነዷት ኖረው፣ እግራቸውን ሲያማቸው ለወንድማቸው የሰጡት መኪና ናት። የዱሮ ሥራ ብትሆንም ሞተሯ ቤንዚኑን ከሌሎቹ ይልቅ አጥብቆ ይጨምቃል። ሲሰጡትም "ቤንዚን በሞላህ ቁጥር ይህን ኦክታን ከፍ የሚያደርግ ፈሳሽ አብረህ ጨምርባት" ብለውት ነበር። እሱ ግን የሽማግሌ ቅንጦት ነው ብሎ ጠርሙሱን ከኋላ ወርውሮ ረስቶታል።

ዴራን አልፈው ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ያንኳኳ ጀመር። ሽብሩ ድምፁን ላለመስማት ሬዲዮውን ከፍ አደረገ። ጋሽ ተገኝ እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮውን ዘጉት።

"አቁማት! ልትገድላት ነው እንዴ? ጠርሙሱስ?"

"ኧረ ይተዉት ጋሼ! ኦክታን ማለት ጉልበት አይደል? ይቺን ደግሞ ጉልበት መች አነሳት!"

ጋሽ ተገኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ኦክታን ጉልበት አይደለም፤ ትዕግሥት ነው። ሞተሩ ቤንዚኑን አፍኖ ይጨምቀዋል። ትዕግሥት ያለው ቤንዚን ሻማው፣ ካንዴላው ማለቴ ነው፣ እስኪለኩሰው ይጠብቃል። ትዕግሥት የሌለው ግን ገና ሲጨመቅ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። አሁን የምትሰማው እሱን ነው፤ ዝም ካልከው ፒስተኑን ይበሳዋል። ብዙ ለማይጨምቅ ሞተር ተራው ቤንዚን ይበቃዋል። ለዚህች ግን አይሆንም።"

ሽብሩ ወርዶ ጠርሙሱን ፈለገና ቤንዚን መያዣው ውስጥ ጨመረ። ጥቂት እንደሄዱ ኳኳታው ቀረ፤ መኪናዋም ዳገቱን ተረጋግታ ወጣችው። "ወይ ጉድ! ትዕግሥት ነዋ!" እያለ ሲደነቅ አሰላ ደረሱ።

ምንተስኖት በሩን ከፈተ። ከስቷል። አባቱን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ፤ የሚናገረውን ሲያጠና የከረመ ይመስል ነበር።

"አባዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩህ ነገር ትክክል…"

"ትክክል?" ብሎ ጮኸ ሽብሩ። "ጭራሽ ትክክል ነው ልትለኝ? ደጅህ ድረስ መጥቼ! ከእንግዲህ እኔ ልጅ የለኝም!"

ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ጋሽ ተገኝ "ሽብሩ! ኧረ ሽብሩ!" ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ምንተስኖት አንድ ቃል ሳይጨምር በሩን ዘጋው። ሽብሩም እየተንጨረጨረ ሄዶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

ጋሽ ተገኝ ልጁን አስከፍተው ገቡ፤ ቆይተው ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል።

"ልብሱን በሻንጣ ከትቶ ነበር የጠበቀህ" አሉት። "'ትክክል አልነበረም' ሊልህ ነበር። አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው።"

ሽብሩ ከመኪናው ወርዶ የልጁን በር እየደበደበ "ልጄ! ልጄ!" ብሎ ለመነ። በሩ አልተከፈተም። ከውስጥ የተሰማው ይህ ብቻ ነው፦

"ልጅ የለኝም አልክ እኮ፣ አባዬ።"

ወዳጆቼ፣ ሽብሩ ለመኪናዋ የሚያስፈልጋትን በአንድ ዳገት ተማረ፤ ለራሱ ግን ከዚያ ጠርሙስ አንድ ጠብታ አላስቀረም። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። ኑሮ አጥብቆ የሚጨምቀው፣ ሐዘንና ሐሳብ የሚያፍነው ሰው ትዕግሥት የሚያስፈልገው ከሌላው ይበልጥ ነው፤ ያለጊዜው የነደደ እሳት የሚያቃጥለው የገዛ ቤቱን ነውና። ደግሞም በእኛ ቋንቋ "ነው" እና "አይደለም" የሚመጡት ከንግግሩ መጨረሻ ነው። ሰውን ሳያስጨርስ የሚቆጣ የተባለውን ገና አልሰማም።

እናንተስ፣ ተናግሮ ሳይጨርስ ያቋረጣችሁት ሰው አለ? ካለ ዛሬውኑ ሄዳችሁ "ምን ልትለኝ ነበር?" ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ በኋላ ዝም በሉ።