የአውራው በግ አቧራ

ተረት ተረት፤ የላም ሳይሆን የበግና የፍየል በረት።

በጎች በላይኛው ሜዳ፣ ፍየሎች በታችኛው፣ በየፊናቸው ትግል ያሳዩ ነበር። ማን ማንን እንደሚጥል አስቀድሞ ስለሚታወቅ ተመልካቹ እየሳሳ ሄደ። የበጎቹ አለቃ አውራው በግ አንጀቱ አረረና ቆርጦ ወደ ፍየሎቹ አለቃ ወረደ።

«ወጠጤ ወንድሜ፣ ለአንድ ቀን ሜዳችንን አንድ አድርገን እኔና አንተ እንግጠም።»

«ከወደቅሁ ማን ሊያየኝ ይመጣል?» አለ ወጠጤው።

«መውደቁን ለኔ ተወው።»

ላይኛው ሜዳ ላይ ገጠሙ፤ በጉ ወደቀ። ወጠጤው እየተንጎራደደ ወደ ሜዳው ተመለሰ፤ በሳምንቱ ግን አንድም ተመልካች አልመጣለትም። በነሱ ወግ የወደቀ ታጋይ የጣለውን መልሶ ሳይገጥም አቧራውን አያራግፍም፤ አገሬው ሁሉ ያን ሊያይ ላይኛው ሜዳ ላይ ሰፍሯል።

ወጠጤው ዳገቱን ሲወጣ፣ በጉ ጀርባው እንደቆሸሸ ቀንዱን ስሎ ይጠብቀው ነበር።

«ና፤ ያላንተ አይራገፍም» አለው።