የተቆለፈው ኮምፒውተርና የገደሉ ጭላዶች

አንድ ጊዜ፣ ጭላዶች ከሚኖሩበት ገደል በታች በተንጣለለች የገበያ ሜዳ ላይ፣ እትዬ ዳለቻ የምትባል አህያ የጽሕፈት ሱቅ ከፍታ ትኖር ነበር። ሰኮናዋ ለኪቦርድ ስለማይመች ቀጭን እንጨት በከንፈሯ ይዛ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ትጽፋለች። ፈጣን አልነበረችም። ነገር ግን የጻፈችውን ለጎረቤት አታወራም። ስለዚህ ሠርግ ያለው ለጥሪው፣ ክስ ያለው ለማመልከቻው ወደ እሷ ይመጣል።

ኮምፒውተሩን የሸጠችላት እመት ቀበሮ ነበረች። «ውስጡን ማየት ክልክል ነው» ብላት ነበር የሸጠችላት ዕለት፣ ጭራዋን እያወዛወዘች። «ቁልፉ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ለአንቺው ደኅንነት ነው።» ዳለቻም እሺ አለች። አህያ እሺ ማለት አይከብዳትም።

ኮምፒውተሩ ግን የራሱ ጠባይ ነበረው። ዳለቻ ሥራ ስታጧጡፍ ድንገት ይቆምና አንዲት ክብ እያሽከረከረ «እየታደስኩ ነው፣ እንዳታጠፊኝ» ይላል። ታድሶ ሲነሣ ደግሞ ትናንት እዚህ የነበረው ምልክት ወዲያ ማዶ ሄዷል። ትፈልገዋለች። እሱን ስታገኝ ሌላው ይጠፋል። «ምናልባት ጥፋቱ የኔ ይሆናል» ትልና እንጨቷን መልሳ ታነሣለች።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀረ። ወንዙ ደርቆ አንዲት ምንጭ ብቻ ተረፈች። እሷንም አያ ጅቦ በእሾህ አጠራትና «የአባቴ ናት» ብሎ ደጃፏ ላይ ተኛ። ትንንሾቹ እንስሳት ለአቤቱታ ወደ አያ አንበሶ ሄዱ። ጥንቸሏ፣ ኤሊው፣ ሚዳቋዋና ጅግራዋ በአንድ አፍ ሲጮኹ አያ አንበሶ ራሳቸውን ያዙ።

«በቃ! ጆሮዬን አደነቆራችሁት» አሉ። «ቃላችሁን በጽሑፍ አድርጋችሁ በገበያ ቀን አምጡልኝ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እፈርዳለሁ። ጽሑፍ ካልመጣ ምንጯ የጅቦ ናት።»

ሁሉም ወደ ዳለቻ ሱቅ ጎረፉ። ተራ በተራ ተናገሩ፣ እሷም ጻፈች። የጅግራዋ ተራ ሲደርስ ድምጿ ተቆራረጠ።

«ጫጩቶቼ ጠጠር እየላሱ ነው የሚውሉት» አለች። «አሁን ደግሞ ከቁልቋሉ ሥር፣ ከተሰነጠቀው ድንጋይ ጀርባ እንቁላል ታቅፌአለሁ። የሚፈለፈሉት ምን ሊጠጡ ነው? እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ፣ እትዬ።»

ዳለቻ አንድም ቃል ሳታጎድል እንዳለችው ጻፈችላት።

በገበያው ቀን ጠዋት ማመልከቻውን ልታትም ፕሪንተሩን ስታሰናዳ የሱቁ በር ጨለመ። አያ ጅቦ ነበር። በገበያ ቀን ማንም ማንንም አይበላም የሚል የአያ አንበሶ ሕግ ስላለ ዳለቻ አልሸሸችም። ጆሮዎቿ ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እትዬ ዳለቻ፣ ደስ ይበልሽ! በሬ ደረሰኝ!» አለ ጅቦ። መዳፉ ላይ ትንሽ ፍላሽ ነበረች። «‹እንኳን ደስ ያለህ፣ የሰባ በሬ አሸንፈሃል፣ እዚህ ተጫን› የሚል መጣልኝ። ተጫንኩ። ‹እንደገና ተጫን› አለኝ። እንደገና ተጫንኩ። ስጫን ውዬ ስጫን መሸ። በይ አሁን የመረከቢያ ወረቀቴን ፕሪንት አድርጊልኝ።»

«አያ ጅቦ፣ በሬ በሽቦ ይመጣል እንዴ?»

«አንቺ አህያ ነሽ፣ ስለ ቴክኖሎጂ ምን ታውቂያለሽ!»

ዳለቻ ቶሎ ሸኝታው ወደ ሥራዋ ልትመለስ ፍላሿን ሰካችው። ስክሪኑ ብልጭ ድርግም አለ። በሬ አልመጣም። ይልቁን በስክሪኑ ላይ የተደረደሩት ፋይሎች አንድ በአንድ እየተነቀሉ ጠፉ። የሠርጉ ጥሪ ጠፋ። የዕድሩ ማስታወቂያ ጠፋ። በመጨረሻም ማመልከቻው ጠፋ።

«በሬዬስ?» አለ ጅቦ።

«በሬህ የኔን ማሳ ግጦ ሄደ» አለች ዳለቻ።

ጅቦ ውጭ ወጥቶ በሬውን ሲፈልግ እመት ቀበሮ ገባች። ወሬ ከሷ አይቀድምም። ስክሪኑን አየች፣ አሸተተች፣ ራሷን ነቀነቀች።

«ቫይረስ ነው፣ እኅቴ። ደግነቱ ቁልፉ እኔ ጋ አለ። ለአፍታ ብከፍተው ሁሉም ይመለሳል።»

«ክፈቺልኛ! ፀሐይዋ እየወጣች ነው!»

«እከፍታለሁ እንጂ» አለች ቀበሮ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጅግራዋ እንቁላል ታቅፋለች ሲሉ ሰማሁ። የት እንደሆነ ብቻ በጆሮዬ ሹክ በይኝ።»

ዳለቻ የት እንደሆነ ታውቃለች። በገዛ እንጨቷ ጽፋዋለች። ከቀበሮ ፊት ቆማ ስለ ምንጯ አሰበች፤ ውኃ ስለጠማቸው ሁሉ አሰበች። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ማመልከቻው ይገኛል።

«አላውቅም» አለች። «ራሴ ከፍቼ ልየው።»

«ክልክል ነው አላልኩሽም? ደግሞስ ብትከፍቺው ምን ይገባሻል?»

ዳለቻ ኮምፒውተሩን ነቅላ በስልቻ ከተተችና ጀርባዋ ላይ ጭና በገደሉ መንገድ ተነሣች። ጭላዶቹ ሊኑክስ የሚባል ኮምፒውተር የሚያስነሣ ሲስተም እንዳላቸው በገበያው ይወራል። ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ውስጡን ያየዋል፣ የተበላሸ ያገኘ ያቃናውና ያቃናውን ለሌላው ያካፍላል ይባላል። ጭላዶችን አንድ ነገር ጠይቆ በጊዜ የተመለሰ የለም የሚሉም ነበሩ። ዳለቻ ግን ሌላ መሄጃ አልነበራትም።

አፋፉ ላይ ጭላዶቹ ሣር እየነጩ ተቀምጠዋል። ዳለቻ እያለከለከች ደረሰች።

«ሊኑክስ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«የትኛውን?» አለ ጎፈሬ የሚባለው ጭላዳ፣ ትከሻው ላይ የተበተነውን ጠጉር እያራገፈ።

«ብዙ ነው እንዴ?»

ጭላዶቹ ተያይተው ሳቁ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ሥሩ አንድ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ወገን እንደየምርጫው አሰናድቶ የየራሱን ስም አውጥቶለታል። የጎፈሬ ወገኖች የነሱን በደጋው ሣር ስም ጓሳ ይሉታል። የደረቴ ወገኖች ደግሞ በደጋው ረጅም ተክል ስም ጅብራ።

«ጓሳን ውሰጂ» አለ ጎፈሬ። «ቀላል ነው፣ እንደ ነፋስ ይሮጣል። ከፕሪንተር ሁሉ ጋር ይግባባል።»

«ሮጦ ሮጦ ገደል ይገባል!» አለ ደረቴ ቀይ ደረቱን ነፍቶ። «ጅብራ ነው እንጂ! አንዴ ከተተከለ አይነቃነቅም።»

«አዎ፣ አይነቃነቅም። አርጅቷላ!»

«የአንተን ባለፈው ሳየው ድምፅ አልነበረውም።»

«ድምፅ ደግሞ ለምን ይፈለጋል?»

«ከሁለቱም የኔ ይበልጣል» አለ ከኋላ ሌላ ጭላዳ። «ብቻዬን ነው የሠራሁት። እስካሁን አልነሣም አለኝ እንጂ።»

«እባካችሁ፣ እኔ የጠፋብኝ ...» ብላ ዳለቻ ጀመረች።

«መመሪያውን አንብበሻል?» አለቻት አንዲት ጭላዳ ቀና ሳትል።

«መመሪያው የት ነው ያለው?»

«ኮምፒውተሩ ውስጥ።»

«ኮምፒውተሩ እኮ አልሠራ ብሏል!»

«እሱ ነው ችግሩ» አለችና ጭላዳዋ ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ክርክሩ ደራ። አንዱ ሲያነሣ ሌላው ሲጥል፣ ነገሩ ከጓሳና ከጅብራ አልፎ የአያቶቻቸው ጸብ ጋ ደረሰ። ዳለቻ ጭነቷን እንደተሸከመች ቆማ ጥላዋን ተመለከተች። ጥላዋ እያጠረ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ዝም ያለች አህያ ያን ጊዜ አንገቷን ዘርግታ፣ አፏን ከፍታ አናፋች። ገደሉ ተቀብሎ አስተጋባ። ጭላዶቹ በእጃቸው የያዙትን ሣር ጣሉ።

«እኔ ጓሳና ጅብራ አላውቅም!» አለች። «ከታች ውኃ የጠማቸው አሉ። ጅግራዋ እንቁላሏ ላይ ተቀምጣ እኔን ትጠብቃለች። ቀበሮ በሩን ዘጋችብኝ። እናንተ ደግሞ በሩን ከፍታችሁ ደጃፉ ላይ ቆማችሁ ትጣላላችሁ። ለኔ ልዩነቱ ምንድን ነው? በሁለቱም ውጭ ነኝ!»

ደረቴ ደረቱን አከከ። ጎፈሬ አጠገቧ መጥቶ ስልቻውን ከጀርባዋ አወረደላት።

«ምንድን ነው የጠፋብሽ?» አላት።

ከመጣች ጀምሮ ይህን የጠየቃት አልነበረም። ዳለቻ ሁሉን ነገረቻቸው። ጎፈሬም ጓሳ ያለበትን ፍላሽ ሰካና የቀበሮን ሲስተም ጭራሽ ሳይነካ ኮምፒውተሩን በሱ አስነሣው። ብዙም ሳይቆይ የሠርጉ ጥሪ፣ የዕድሩ ማስታወቂያና ማመልከቻው ከነሙሉ አካላቸው ብቅ አሉ።

«ቫይረሱ ደበቃቸው እንጂ አልበላቸውም» አለ ጎፈሬ።

«ቀበሮም ይህን ሳታውቀው አትቀርም» አለ ደረቴ።

ዳለቻ የጅግራዋን ቃል ስክሪኑ ላይ ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበራትም። ጎፈሬና ደረቴ ኮምፒውተሩን ይዘው ጀርባዋ ላይ ወጡ፤ እሷም ቁልቁለቱን በሶምሶማ ተያያዘችው። ሁለቱ ማን ከፊት ይቀመጥ እያሉ ሲከራከሩ ሱቁ ደረሱ።

ፕሪንተሩ አቃሰተና ወረቀት አወጣ። ዳለቻ አየችው። ከላይ እስከ ታች ባዶ ሣጥን ብቻ ነው። ፊደል የሚባል የለም፤ ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን።

በሩ ላይ ሳቅ ተሰማ። «የነፃ ነገር እንዲህ ነው!» አለች እመት ቀበሮ። «አያ አንበሶ ሣጥን ማንበብ ይችላሉ?»

ደረቴ «ጅብራ ብያችሁ ነበር» ሊል አፉን ከፈተ። ወደ ዳለቻ ሲያይ መልሶ ዘጋው።

«የአንተ ጓሳ የኛን ፊደል ስክሪን ላይ ቢያሳይም የሚታተም ፊደል የለውም» አለ ቀስ ብሎ። «ጅብራ ላይ ግን አለ። ባለፈው ክረምት ነው የቀረጽነው።»

ጎፈሬ አመነታ። «ፕሪንተሩን ደግሞ ጅብራ አያውቀውም።»

«እንግዲያው ፊደሌን ውሰዳ።»

«ይገባልኛል?»

«ክፍት አይደለም እንዴ? ለምን አይገባም!»

ሁለቱ ጭላዶች ራስ ለራስ ገጥመው አጎነበሱ። ቀበሮ ሳቋን አቋርጣ አንገቷን አስግጋ ልታይ ሞከረች። ማንም አልከለከላትም፤ ማመልከቻውን ግን ዳለቻ በገላዋ ከለለችባት። ፕሪንተሩ እንደገና አቃሰተ፣ ፊደሉም እንደ ጥቁር ጤፍ በወረቀቱ ላይ ፈሰሰ። ‹ጫጩቶቼ› የሚለው ቃል ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ አሁንም ሣጥን ሆና ቀርታለች። ዳለቻ የእንጨቷን ጫፍ በከሰል አጥቁራ ራሷ ሞላቻትና ወረቀቱን በከንፈሯ ይዛ ፈረጠጠች።

ፀሐይ አናት ላይ ልትደርስ ስትል አያ አንበሶ ፊት ቆመች። አያ አንበሶ ማመልከቻውን ጮክ ብለው አነበቡ። የጅግራዋ ቃል ላይ ሲደርሱ የታቀፈችበትን ቦታ በልባቸው ብቻ አንብበው አለፉ። ከዚያም ወደ ጅቦ ዞሩ።

«ምን ትላለህ?»

«ምንጯ የአባቴ ናት።»

«አባትህ ቆፈራት?»

«አልቆፈራትም።»

«አጠራት?»

«ያጠርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ በምን የአባትህ ሆነች?»

ጅቦ ብዙ አሰበ። «ይጠጣባት ነበር።»

«ከማን ጋር?»

«ከሁሉም ጋር ነዋ!» አለ ጅቦ፣ ጥሩ መልስ ያገኘ መስሎት።

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። አያ አንበሶም ጺማቸው ውስጥ ፈገግ አሉና «ፍርዱን ከራስህ አፍ ሰማነው። አጥሩን አንሣ» አሉት። ትንንሾቹ እስኪረኩ ጠጡ። ጅቦም ተሰልፎ ከሁሉም ኋላ ጠጣ።

ዳለቻ ከዚያ ወዲህ የምትሠራው የጅብራ ፊደል በገባበት ጓሳ ነው። ሁሉ ነገር ተመቻት ማለት አይደለም። አንዳንድ ቀን ድምፁ ያኮርፋል፣ አንዳንድ ቀን ስክሪኑ ያለ ምክንያት ይገለበጣል። ግን ሲያኮርፍ ማንን እንደምትጠይቅ ታውቃለች፤ ጭላዶቹም በየገበያው ቀን በተራ ይወርዳሉ። እመት ቀበሮ የምታፍር አይደለችምና አሁን ለፍላሽ የዝናብ ልብስ እየሸጠች ነው አሉ።

አንድ ጠዋት ኤሊው ቀስ እያለ ወደ ሱቁ ገባ። «እትዬ ዳለቻ፣ እኔም ኮምፒውተር ልጀምር ነው። ጓሳ ይሻለኛል ወይስ ጅብራ?»

ዳለቻ በዚህ ነገር ላይ የራሷን አስተያየት ካበጀች ቆይታለች። ጆሮዎቿ ተነሡ፣ ደረቷ በአየር ተሞላ። «ጓሳማ! ልንገርህ፣ ጓሳ የሚሉት እኮ ...» ስትል የኤሊው አንገት ወደ ድንጋዩ እየገባ መሆኑን አየች።

ቃሏን ዋጠች። በአፍንጫዋ በርጩማ ገፍታ አቀረበችለት።

«ቁጭ በል እስቲ» አለችው። «ምን ልትሠራበት አስበህ ነው?»

ከዚህ የምንማረው፣ በር መክፈት ደግ ሥራ ቢሆንም የመጣውን እንግዳ ምን እንደቸገረው ጠይቆ ካላስገቡት ክፍት በርም እንደ ተዘጋ እንደሚቆጠር ነው።