ከቀኛዝማች ቀድሞ የደረሰው ታንኳ

የጎረቤቴ የደንገል አጫጁ ምላስ ከማጭዱ የሰላ ነው። አንዱን ዓመት ጣና ዳር በበዓሉ የታንኳ እሽቅድድም ሲደረግ፣ ቀኛዝማች አብተው «እኔም እገባለሁ» አሉ። አዲሱን ታንኳቸውን አገር ይይልኝ ብለው ሳምንት ሙሉ ውሃው ላይ አቆሙት። የደንገል ታንኳ ፀሐይ ካልሞቀ ውሃ ጠጥቶ እንደሚከብድ ማን ደፍሮ ይንገራቸው! እሳቸው ጃንጥላ አስይዘው ሲንፏቀቁ፣ ጎረቤቴ ቀድሞ ደርሶ የሽልማቱን ሙክት ወሰደ። ሚስቱ አራስ ነበረችና እሰይ አልን።

ቀኛዝማች ግን ደማቸው ፈልቶ አስጠሩት። «አሸነፍኩ ካልክ ጌታህን ደፍረሃልና ትገረፋለህ። አላሸነፍኩም ካልክ ሙክቱን መልስ!»

እሱ እቴ፣ እጅ ነሥቶ፣ «ኧረ ጌታዬ፣ መች አሸነፍኩ? ትልቅ ሰው ሲሄድ አሽከር ከፊት ከፊት እየሮጠ መንገድ ያስለቅቅ የለ? እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው» አላቸው።

«ሙክቱስ?»

«እሱማ ለሮጠ አሽከርዎ የሸለሙት ነው። ካስመለሱኝ ግን አገሩ፣ ‹ለካ ቀኛዝማች የምር ተሽቀዳድመው ኖሯል የተቀደሙት› ይላል።»