የሁለት ሰው የቤተሰብ ትሪ

ተረት ተረት። የላም በረት ያላችሁኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፤ የዛሬው ተረት ግን በረት የለውም፣ በር ነው ያለው። በሩም የመዝናኛ ፓርክ በር ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ፈረስ፣ የሚበር ወንበርና ሕፃን የሚያስጮህ ባቡር አለ።

ጥሩወርቅ የምትባል እናት የአምስት ዓመት ልጇን ኤልዳናን ይዛ እሑድ ቀን እዚህ ፓርክ ገባች። ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል መሆኑን ጎረቤት ስለነገራት ባዶ እጇን ነው የመጣችው። ኤልዳና ባቡሩ ላይ ሁለቴ ወጣች፣ ሁለቴ ጮኸች፣ ከዚያ ወረደችና "እማ፣ ራበኝ" አለች። ጣጣው ሁሉ የተጀመረው በዚህች ቃል ነው።

ጥሩወርቅ የምግብ ዝርዝሩን አነበበች። ደግማ አነበበችው፤ ደግማ ስላነበበችው ግን ዋጋው አልቀነሰም። በአንድ ሰሃን ድንች ጥብስ ዋጋ እሷ ሰፈር ግማሽ ጆንያ ድንች ይገዛል። ከዝርዝሩ ግርጌ በትንሽ ጽሑፍ "የቤተሰብ ትሪ፣ ለቤተሰብ በሚመች ዋጋ" የሚል አየችና ልቧ መለስ አለ። ወደ ጠባሿ ወደ ሸጊቱ ሄደች።

"እህቴ፣ ያለ ኩፖን መጥበሻ አላሞቅም" አለች ሸጊቱ።

መጥበሻው አልግል አለ፤ ኤልዳናም ራባት።

እናትና ልጅ ወደ ኩፖን መስኮት ሄዱ። መስኮቱ ውስጥ ምሕረት የምትባል ልጅ ተቀምጣለች።

"ስንት ናችሁ?" አለች ምሕረት።

"ሁለት።"

"ባለቤትሽስ?"

"ዐርፏል።"

"ነፍስ ይማር። ግን ሁለት ሰው ቤተሰብ አይባልም፤ ደንቡ ከአራት ጀምሮ ነው የሚለው። ሥራ አስኪያጁ 'ቤተሰብ ናቸው' ብለው ከፈረሙልሽ እቆርጥልሻለሁ።"

ጥሩወርቅን ይህ ንግግር ከረሃቡ በላይ ጎዳት። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቤተሰብነቷም አብሮ መቀበሩን የሰማችው ግን ገና ዛሬ ነው፣ ያውም በኩፖን መስኮት። ልታለቅስ ነበር፤ ልጇ ቀና ብላ ስታያት ተወችው።

ኩፖን ቆራጯ አልቆርጥም አለች፤ መጥበሻው አልግል አለ፤ ኤልዳናም ራባት።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ግዛቸው ቢሯቸው ውስጥ እስክሪብቷቸውን ከድነው ቁጭ ብለዋል። "ምሳዬን ሳልበላ አልፈርምም" አሉ። "በባዶ ሆዴ የፈረምኩት ሁሉ ኋላ ጣጣ ነው ያመጣብኝ። ምሳዬ ደግሞ ከቤት ይመጣል ተብሎ ይኸው እስካሁን የለም።"

"ታዲያ እዚሁ ለምን አይበሉም?" አለች ጥሩወርቅ።

"በዚህ ዋጋ?" አሉ አቶ ግዛቸው።

ሥራ አስኪያጁ አልፈርምም አሉ፤ ኩፖን ቆራጯ አልቆርጥም አለች፤ መጥበሻው አልግል አለ፤ ኤልዳናም ራባት።

ጥሩወርቅ ምሳውን ፍለጋ እስከ በሩ ወረደች። ምሳ ዕቃው ከጥበቃው ከጋሽ ወልደየስ አግዳሚ ወንበር ሥር፣ በፎጣ እንደተጠቀለለ ተቀምጧል።

"ጋሼ፣ ይህን ምሳ ለሥራ አስኪያጁ ላድርስላቸው?"

"ከውጭ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው። ትእዛዙን የፈረሙት ራሳቸው አቶ ግዛቸው ናቸው። ልዩ ፈቃድ ይፈርሙና ይግባ።"

"እሳቸው እኮ ካልበሉ አይፈርሙም።"

"እኔም ካልፈረሙ አላስገባም።"

ጥበቃው አላስገባም አሉ፤ ምሳ ዕቃው አልገባ አለ፤ ሥራ አስኪያጁ አልፈርምም አሉ፤ ኩፖን ቆራጯ አልቆርጥም አለች፤ መጥበሻው አልግል አለ፤ ኤልዳናም ራባት። እንግዲህ ወዴት ይኬዳል? ነገሩ እንደዚያ ፈረስ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው፤ ፈረሱስ ቢሆን ሰዓቱ ሲደርስ ያወርዳል።

ጋሽ ወልደየስ ጨዋ ሰው ናቸው። ከኪሳቸው ቆሎ ዘገን ሲያደርጉ ሰው ፊት ዝም ብሎ መብላት ነውር ነውና "እንብላ" አሉ። ጥሩወርቅም ጨዋ ናትና "ይብሉ፣ እኛ ጠግበናል" ብላ ዋሸች። ኤልዳና ግን ይሉኝታ ገና አልጀመራትም። አግዳሚው ላይ ወጥታ ከጋሽ ወልደየስ ጎን ተቀመጠችና መዳፏን ዘረጋች። የመጀመሪያውን ጭብጥ ቆረጠመች፣ ሁለተኛውንም ቆረጠመች፣ ሦስተኛው ላይ ቆም አለች።

"አባባ፣ ቆሎው በየት በኩል ገባ?"

ጋሽ ወልደየስ ማኘክ አቆሙ። ኪሳቸውን አዩ፣ በሩን አዩ። "ልጄ፣ ቆሎ እኮ ምግብ አይደለም" አሉ።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ጋሽ ወልደየስ ጎንበስ ብለው ምሳ ዕቃውን አነሱና ለጥሩወርቅ ሰጧት። "ይሄም ቢሆን ተከድኗል" አሉ። "የተከደነን ነገር ምግብ ነው ብዬ በምን አውቃለሁ? ሂጂ፣ አድርሺላቸው።"

ጥበቃው አስገቡ፤ ምሳ ዕቃው ገባ፤ ሥራ አስኪያጁ በሉ፤ በልተውም ፈረሙ፤ ኩፖን ቆራጯ ቆረጠች፤ መጥበሻው ጋለ፤ ድንቹ ተንጫጫ፤ ትሪው መጣ፤ ኤልዳናም በላች። ድንቹንም ዶሮውንም በላች፤ እናቷም ልጇ ስትበላ አይታ አይታ ኋላ ላይ አብራት በላች። የአራት ሰው ነው የተባለውን ትሪ ሁለት ሰው ጨረሰው፤ አራት ቢሆኑ ኖሮ ተጣልተው ነበር የሚወጡት።

ጥሩወርቅ ከመውጣቷ በፊት ወደ ኩፖን መስኮቱ ተመለሰች።

"ያቺን የፈረሙባትን ወረቀት ስጪኝ" አለች።

"ለሌላ ቀን አትሠራም እኮ" አለች ምሕረት።

"አውቃለሁ። ለምግብ አይደለም የፈለግኋት።"

ምሕረት ከፋይሉ ውስጥ ነቅላ ሰጠቻት። ወረቀቷ ጠርዟ ላይ ወጥ ነክቷታል፣ ከታች ክብ ማኅተም አለባት፣ መሐሏ ላይ "ጥሩወርቅና ኤልዳና ቤተሰብ ናቸው" ትላለች። ጥሩወርቅ ቆማ አነበበቻት። ከዚያ አጥፋ ከመታወቂያዋ ጋር አስቀመጠቻትና የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በድንች ጥብስ አብሱ፤ ብቻ አስቀድማችሁ ዋጋውን ጠይቁ።