ያልነሳችው ታክሲና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ጠጋ ብላችሁ ስሙ፤ ያመለጠው «ምን አልክ?» ቢለኝ አልደግምለትም።

በደሴ ከተማ ይርጋ የሚባል ባለታክሲ ነበር። ታክሲውን በየቀኑ ያጥባል፣ መስታወቷን ይወለውላል፣ ኮፈኗን ግን ከፍቶ አያውቅም። «ባትሪህን እየው እንጂ» ሲሉት ይስቃል። ማታ ቁልቁለት ላይ ያቆማታል፣ ጠዋት ፍሬን ይለቃል፣ እየተንደረደረች ትነሳለች፤ በቃ።

አንድ እሑድ የሚወዳትን ብርቄን ለትዳር እንዲጠይቁለት ሦስት ሽማግሌዎች ሊልክ ሆነ። አባቷ አቶ መኮያ ቁጡ ናቸው፤ «ከሦስት ሰዓት ካለፉ ልጄን አልሰጥም» ብለዋል። ይርጋም ለሽማግሌዎቹ ክብር ብሎ ታክሲዋን ከሦስቱ አንዱ በሆኑት በሼህ ይማም ደጅ፣ ሜዳው ላይ አቁሞ አጠፋት። አዛውንቶቹን አሳፍሮ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቀጭ! ከዚያ ጸጥ።

«አባቶቼ፣ ትንሽ ብትገፉኝስ?»

«ሽማግሌ ይላካል እንጂ መኪና አይገፋም» አሉ ሼህ ይማም፣ ከወንበራቸው ንቅንቅ ሳይሉ።

ይርጋ ታክሲዋን ለመናት። «ተነሺልኝ፣ ብርቄን ላጣት ነው!»

«ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ ካላዞረኝ አልነሳም» አለች።

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፈኑን ከፈተ። «ሞተሪኖ፣ አዙር! ታክሲዋ አትነሳም።»

«ባትሪው ጉልበት ካልሰጠኝ አላዞርም።»

«ባትሪ፣ ጉልበት ስጥ! ሞተሪኖው አያዞርም፣ ታክሲዋ አትነሳም።»

«ጉልበቱስ ሞልቶኛል፤ ገመዱ ካላደረሰልኝ ግን አልሰጥም።»

«ገመድ፣ አድርስ! ባትሪው አይሰጥም፣ ሞተሪኖው አያዞርም፣ ታክሲዋ አትነሳም።»

«ጫፌን የያዘው ዝገት ካልለቀቀኝ አላደርስም።»

ዝገቱ ገመዱ ጫፍ ላይ እንደ ባለርስት ተንሰራፍቷል። «ዝገት፣ ልቀቅ! ገመዱ አያደርስም፣ ባትሪው አይሰጥም፣ ሞተሪኖው አያዞርም፣ ታክሲዋ አትነሳም።»

«ሦስት ክረምት ስኖርበት ማን ውጣ አለኝ? ብሩሽ ካልፋቀኝ አልለቅም።»

«ሁለት ተኩል ሆነ» አሉ ሼህ ይማም ከኋላ። ይርጋን ላብ አጠመቀው። ምንጣፍ የሚጠርግበትን ብሩሽ ከወንበር ሥር ጎተተ።

«ብሩሽ፣ ፋቅ! ዝገቱ አይለቅም፣ ገመዱ አያደርስም፣ ባትሪው አይሰጥም፣ ሞተሪኖው አያዞርም፣ ታክሲዋ አትነሳም።»

«በደረቁ? ጸጉሬ እንዲያልቅ? ሙቅ ውሃ ካላራሰልኝ አልፍቅም።»

ሼህ ይማም ቤት ለሻይ የተጣደ ውሃ ይንተከተካል። ይርጋ በበሩ አንገቱን አስግጎ ጮኸ። «ውሃ፣ አርስ! ብሩሹ አይፍቅም፣ ዝገቱ አይለቅም፣ ገመዱ አያደርስም፣ ባትሪው አይሰጥም፣ ሞተሪኖው አያዞርም፣ ታክሲዋ አትነሳም።»

«እግር የለኝ! እጅ ካላነሳኝ አልመጣም።»

ይርጋ የራሱን እጅ አየ። «እጄ፣ አንሳ! ውሃው አያርስም፣ ብሩሹ አይፍቅም፣ ዝገቱ አይለቅም፣ ገመዱ አያደርስም፣ ባትሪው አይሰጥም፣ ሞተሪኖው አያዞርም፣ ታክሲዋ አትነሳም፣ ብርቄም ልትቀርብኝ ነው!»

«እኔማ ሁልጊዜ እዚሁ ነበርኩ» አለ እጁ። «እጅጌህን ሳትሰበስብ ግን ምን ላድርግልህ?»

ይርጋ አፈረ። የነጭ ሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቀለለ። ይኼኔ እጁ ውሃውን አነሳ፣ ውሃው ዝገቱን አራሰ፣ ብሩሹ ፋቀ፣ ዝገቱ ለቀቀ። ይርጋ ጫፉን አድርቆ ጥብቅ አድርጎ አሰረ። ገመዱ አደረሰ፣ ባትሪው ሰጠ፣ ሞተሪኖው አዞረ፣ ታክሲዋም ጉርርር ብላ ተነሳች!

ለሦስት ሰዓት አንድ ደቂቃ ሲቀረው አቶ መኮያ ደጅ ደረሱ። ይርጋ እንደ ወጉ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ ልቡ ግን ከሽማግሌዎቹ ጋር ገባ።

«ልጁ እንዴት ያለ ነው?» ሲሉ ጠየቁ አቶ መኮያ።

ሼህ ይማም መዋሸት አይወዱም። «እስከ ዛሬ ጠዋት ሰነፍ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ብቅ ብለው ይዩት።»

አቶ መኮያ ወጥተው በታክሲዋ መስኮት አጎነበሱ። ሸሚዙ ጠቁሯል፣ እጁ እስከ ክርኑ ድረስ ዝገት ነው። ረጅም ጊዜ አዩትና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ልጄን ሰጥቼሃለሁ» አሉ። «በየወሩ ግን እየመጣሁ እጅህን አያለሁ። ንጹሕ ሆኖ ካገኘሁት መልሼ እወስዳታለሁ!»

እኔ ተናግሬ ጨረስኩ፤ መኪና ያለው ይነሳና ኮፈኑን ይክፈት።